«አገራችን መቼ ተመሠረተች?» ብሎ ለሚጠይቅ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ምን ትመልሳላችሁ?

የታቦሯ መምህርት (ሐዋሳ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን አመሻችሁ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። የሕገ መንግሥቱን ምዕራፍ እንደ ጀመርን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «አገራችን መቼ ነው የተመሠረተችው?» አለች። እኔ አፌን ሳልከፍት ክፍሉ ሦስት መልስ ሰጣት። አንዱ ሦስት ሺህ ዓመት ሆኗታል አለ። ሌላው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ደቡብ ሲዘምቱ ነው፣ አያቴ ነግረውኛል አለ። ሦስተኛዋ መጽሐፉን ገልጣ «በ1987 ነው፤ ይኸው ተጽፏል» አለች። ሦስቱም በሙሉ ልብ ነው የተናገሩት። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ተከራከሩ።

አንዱን መርጬ «ትክክሉ ይህ ነው» ማለት እችል ነበር፤ ለፈተና ይበቃል። ነገር ግን የሁለቱን ልጆች ቤት ውሸታም ማድረግ ይሆንብኛል። «ሁላችሁም ልክ ናችሁ» ብዬ ማለፍም አልፈልግም፤ የጠየቁት የምር ነውና የምር መልስ ይገባቸዋል።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በእኔ ጊዜ ትምህርቱ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ይባል ነበር። አሥራ አንዱን እሴቶች እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃላችን እናወርዳቸው ነበር፤ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት እያልን እስከ እውቀትን መሻት ድረስ። ዛሬም ከእንቅልፌ ተቀስቅሼ ብጠየቅ አልስትም። እኩልነት ሕግ ውስጥ እንዲገባ ማን ምን እንደ ከፈለ፣ ከዚያ በፊት ሕጉ ምን ይል እንደ ነበር ግን አንድም ቀን አልተማርንም። ተማሪዎቼ በዚያው መንገድ እንዲያልፉ አልፈልግም። በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች የአገርን አመሠራረትና የዴሞክራሲን መርሆዎች እንዴት ታስተምራላችሁ? ሞክራችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር (ሐዋሳ)

ልጄ፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ ክፍል ስላለሽ ደስ ይበልሽ። ጥያቄውን ለሦስት ክፈይው። በዚህ ምድር መንግሥት የሚባል ነገር የኖረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ዛሬ በካርታ ላይ የምናየው ግዛት ቅርጽ የያዘው መቼ ነው? ገዢውም ተገዢውም የሚዳኙበት የጽሑፍ ሕግ የወጣው መቼ ነው? ሦስቱ ልጆች የመለሱት ለሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ነው። ይህን ሰሌዳው ላይ ስትጽፊላቸው ክርክሩ አይቆምም፤ መስመር ግን ይይዛል።

ሦስት ሺህ ያለው ልጅ ቁጥሩ ከንግሥተ ሳባና ከቀዳማዊ ምኒልክ ትውፊት የመጣ መሆኑን ይወቅ። በድንጋይ የተጻፈ ማስረጃ ሲፈልግ ደግሞ የአክሱሙን ንጉሥ የዒዛናን ጽሑፎች አሳዪው። ትውፊት ዋጋ አለው፣ ማስረጃም ዋጋ አለው፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ ለዜጋ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

አያቱን የጠቀሰውን ልጅ በተለይ አደራ እልሻለሁ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በምኒልክ ጦር የተሸነፉት በ1887 ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። በመካከላቸው አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ያው ናቸው፤ ዘመኑም ያው ነው። ሐዋሳ ላይ አንድ ዴስክ የሲዳማን፣ የወላይታን፣ የጉራጌን፣ የአማራንና የኦሮሞን ልጅ አንድ ላይ ያስቀምጣል። ሁለቱን ዓመቶች በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ጻፊና ጥቂት ጠብቂ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ እነሱ ራሳቸው ይጠይቁታል።

ለሦስተኛዋ ደግሞ የ1987ቱ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት እንዳልሆነ ንገሪያት። የመጀመሪያው የ1923ቱ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርገው አረቀቁት፤ 55 አንቀጾች ነበሩት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው የሰጡት ሰነድ ነው። የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጡለት ይላል። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን አንብቤ «ሕዝቡ መብቃቱን የሚወስነው ማን ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ይረዳዋል፤ እሱም በየዕለቱ «ገና አልደረስክም» የሚባል ነውና።

የ1948ቱ 131 አንቀጾች ነበሩት። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ሴቶችም ድምፅ ሰጡ። ለመወዳደር ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባልም አልነበረም። የ1980ው የሚባለው የደርግ ዘመን ሕገ መንግሥት በጥር 1979 በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ፤ ሕዝብ ተጠየቀ ማለት ነው፤ ነገር ግን አገሪቱን የሚመራው አንድ ፓርቲ ብቻ እንደሚሆን ሰነዱ ራሱ አስቀድሞ ወስኖታል። በአራቱም ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ማን ጻፈው? ማን ተጠየቀ? ማን ቀረ? በእኔ እምነት ከአሥራ አንዱ እሴቶች ይልቅ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ልጅን ዜጋ ያደርጉታል።

የሁለት ልጆች አባት (ሐዋሳ)

ለጋሼ ያለኝ አክብሮት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ አልስማማም።

ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወደው ነገር ያስፈልገዋል። እኛ ጠዋት ተሰልፈን ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ደረታችን ይሞላ ነበር፤ ያ ስሜት ነው እስከ ዛሬ ያቆየን። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ስልክ በከፈተች ቁጥር አንዱ ሌላውን ሲረግም ትሰማለች። ትምህርት ቤት ሄዳ ደግሞ ካዎ ጦናና ዓድዋ ጎን ለጎን ተጽፈው ስታይ ምን ይዛ ትመለሳለች? ከጎኗ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን በምን ዓይን ታያታለች? ዓድዋን ከየአቅጣጫው የተሰባሰበ ሕዝብ ወራሪን ያሸነፈበት ቀን አድርገን ብናስተምር ምን ይጎድልብናል? ውስብስቡ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ይደርሳል።

ፈተናም አለ። 8ኛ ክፍል የክልል ፈተና ይጠብቃቸዋል። «ማን ቀረ» የሚል ጥያቄ እዚያ ወረቀት ላይ አይመጣም።

መምህር ከአዳማ

ወንድሜ፣ ስጋትዎን በሚገባ አውቀዋለሁ፤ እኔም ወላጅ ነኝ። ነገር ግን ካዎ ጦናን ልጅዎ ከመምህርቷ ባትሰማ ከስልኳ ትሰማዋለች፤ ያውም ያለ ማስረጃ፣ ከስድብ ጋር፣ ለብቻዋ ሆና። ክፍል ውስጥ ስትሰማው ዓመተ ምህረቱ አለ፣ ጽሑፉ አለ፣ ከሌላ ቤት የመጣች ጓደኛዋ አጠገቧ አለች፣ የሚያረጋጋ መምህር አለ። ይህን ነገር ለመስማት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ዓድዋም በዚህ አያንስም። የተበደለም ጭምር ዘምቶ የታገለበት ቀን መሆኑን ያወቀ ልጅ ድሉን የበለጠ እንጂ ያነሰ አያከብረውም።

እኔ አዳማ ላይ ልጆችን ወደ አባ ገዳ አዳራሽ እወስዳቸዋለሁ። የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ ያደርጋል፤ በ2009 ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ልጆቹ ሥልጣን በጊዜ መገደቡን ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ሳይሆን ከአያቶቻቸው ሥርዓት ሲያገኙት ፊታቸው ይለወጣል። እናንተም ጋ የሲዳማው የምክክር ሥርዓት፣ አፊኒ፣ አለ፤ ጉዳይ ያለው ሁሉ ሳይደመጥ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይመክሩበት ውሳኔ አይቸኮልም። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ወደ በዓሉ አደባባይ ጉዱማሌ የሚወጣ ልጅ ይህን ከአያቱ መጠየቅ ይችላል።

ይህን ስል ግን አንድ ጥንቃቄ አለኝ። «ዴሞክራሲ ድሮም ነበረን» ብለን ብናቆም ሐውልት ማቆም ነው የሚሆነው። የጋሼን ሦስተኛ ጥያቄ ወደ ራሳችንም እናዙረው። በገዳ ሥልጣን ላይ የሚወጡት ወንዶች ናቸው። ሴቶች በሲንቄ (ያገባች ሴት በምትይዘው በትር በሚወከለው የሴቶች ሥርዓት) በኩል ክብራቸውን ያስጠብቃሉ፣ ጠብ ያበርዳሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባ ገዳ መሆን ግን አይችሉም። አንዲት ተማሪዬ ይህን አንስታ ስትጠይቅ ሽማግሌው አባት አልተቆጧትም፤ ቁጭ ብለው ሲንቄ ምን እንደሚሠራ አስረዷት፣ የቀረውን ደግሞ «የእናንተ ትውልድ ይነጋገርበት» አሏት። ከአዳራሹ ከወጣን በኋላ ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያወሩ የነበረው ስለዚህ ብቻ ነው።

የሕግ ምሩቅ (ሐዋሳ)

በዚህ ክር ላይ መጻፍ የፈለግሁት ስለ ሌላ አገር ነው፤ ለእኛ ይጠቅማልና ታገሡኝ። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1776 ነጻነታቸውን ሲያውጁ ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል ብለው ጻፉ። ዋናው ጸሐፊ ቶማስ ጄፈርሰን ግን የባሪያዎች ጌታ ነበር። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱን ሲጽፉ የምክር ቤት መቀመጫ ለማከፋፈል አንድን ባሪያ የአንድ ሰው ሦስት አምስተኛ አድርገው ቆጠሩት። ባርነት በሕገ መንግሥት የተከለከለው በ1865 ነው፤ በጾታ ምክንያት የመምረጥ መብትን መንፈግ የተከለከለው በ1920 ነው። እዚያ ጥሩ መምህር የሚባለው የመሥራቾቹን ቃል ብቻ አያስነብብም። በ1852 ፍሬደሪክ ዳግላስ፣ ከባርነት ያመለጠው ሰው፣ የነጻነት በዓላችሁ ለባሪያው ምኑ ነው ብሎ በአደባባይ የጠየቀበትን ንግግርም ያስነብባል። ዳግላስ ሰነዱን አልቀደደውም። የጻፋችሁትን ፈጽሙት ነው ያለው።

እኛ አገርም እንዲህ ያለ ነገር ሞልቷል፤ አናስተምረውም እንጂ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንድን ሃይማኖት የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የኢትዮጵያ ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ እኩልነት ጠይቀው ታላቅ ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። ዛሬ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። ሁለቱን ሰነድ ጎን ለጎን አስቀምጠው በመካከላቸው ያን ሰልፍ ያስገቡ፤ አንቀጹ ከሰማይ እንዳልወረደ ልጆቹ ያያሉ። አባት ያሉትን የአገር ፍቅር እኔም እፈልገዋለሁ። አብረው የተሰለፉትን ሰዎች የሚያውቅ ልጅ ፍቅሩ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

ስለ 1987ቱም ቢሆን እውነቱን ሙሉውን እናስተምር። የሕገ መንግሥት ጉባኤው በግንቦት 1986 ተመረጠ፤ በርካታ ተቃዋሚ ድርጅቶች ግን በሂደቱ አልተሳተፉም። ጉባኤው ውስጥም ስለ መሬትና ስለ መገንጠል ክርክር ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ታትሟል። እስከ ዛሬ ስለ መገንጠሉ አንቀጽ፣ ስለ አንቀጽ 39፣ የምንሟገተው ከየት እንደ ጀመረ ልጆች ከምንጩ ማንበብ ይችላሉ።

አራተኛ ክፍል የማስተምር (ሐዋሳ)

የእኔ ልጆች አሥር ዓመታቸው ነው። ሕገ መንግሥት አላስነብባቸውም፤ ሕግ ማውጣት ግን እናደርጋለን።

ሁላችሁም የምታውቁት ነገር አለ። መምህር ሲወጣ የክፍል አለቃው ሰሌዳው ላይ የረባሾችን ስም ይጽፋል። መምህር ሲመለስ ስሙ የተጻፈ ይቀጣል። ማንም አይጠይቅም፤ አለቃው የጠላውን ቢጽፍም ያው ነው። ዘንድሮ መጀመሪያ ላይ ልጆቹን ሰብስቤ «በዚህ ጉዳይ ምን ይሻላል?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ፤ ለካ የሚጠብቁት የሚጠይቃቸውን ነበር። አንዱ «ስሙ የተጻፈ ልጅ መጀመሪያ ይናገር» አለ። ሌላዋ «ምስክር ካለው ያምጣ» አለች። አንድ በጣም ዝምተኛ ልጅ ተነስቶ «አለቃውስ ሲረብሽ ማን ይጽፈዋል?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ አጨበጨቡለት።

ሦስቱም ሐሳቦች በድምፅ አለፉ። አለቃውም ከዚህ በኋላ በውጤት አንደኛ የወጣው ሳይሆን በምርጫ የተመረጠው ሆነ፤ ጊዜውም አንድ ወሰነ ትምህርት ብቻ ነው። እኔም ተስማምቼ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ፈረምኩ። የመደመጥ መብት፣ የሥልጣን ገደብ፣ ከሕግ በላይ ማንም አለመሆኑ፣ ሁሉም እዚያ ወረቀት ላይ አለ። 8ኛ ክፍል ደርሰው የታቦሯ መምህርት ስለ ሕግ የበላይነት ስትነግራቸው የሚያውቁትን ነገር ስም ነው የምትሰጣቸው።

የቱላ እናት (ሐዋሳ)

ውይይታችሁን በጥሞና ነው የተከታተልሁት። እኔ መምህር አይደለሁም፤ ገበያ ውሎ የሚገባ ሰው ነኝ። ልጄ ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት መጥታ ሕገ መንግሥቱ ላይ ልጆች በትምህርት ቤት መገረፍ የለባቸውም የሚል አለ አለችኝ። አላመንኳትም። አምጥታ አነበበችልኝ፤ አንቀጽ 36 ነው። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ደስ ያለኝ እኛ ያሳለፍነውን እሷ እንዳታሳልፍ ነው። የፈራሁት መብት መብት እያለች ታላቅ ማክበርን እንዳትረሳ ነው። መምህራን ሆይ፣ መብቱን ስታስተምሩ እኛንም ጥሩን። ልጁ ብቻውን አውቆ ሲመጣ ቤት ውስጥ ጠብ ይሆናል፤ አብረን ስንሰማው ግን እንመካከርበታለን።

የታቦሯ መምህርት (ሐዋሳ)

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያነሱት አንቀጽ እኔም ክፍል ውስጥ የማስቀድመው ነው። ብዙ ሰው ሕገ መንግሥት ሲባል ስለ ፓርላማና ስለ ክልል ብቻ የሚናገር ይመስለዋል። አንቀጽ 36 ግን የሕፃናትን መብት ሲዘረዝር በትምህርት ቤት ከሚደርስ የአካል ቅጣት መጠበቅን ጨምሯል። ይህን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ልጆቹ መጀመሪያ የሚመለከቱት የመምህራኑን እጅ ነው። አርጩሜ የሚይዝ መምህር ባለበት ግቢ የሕግ የበላይነትን ትርጉም አስጽፈን ብናርም ልጆቹ የሚማሩት ሌላ ነገር ነው፤ ሕግ ለፈተና እንጂ ለሰው እንዳልሆነ ይማራሉ። በዚህ ጉዳይ ልቤ ይነዳል።

ታላቅ ስለ ማክበር ያሉትም ልክ ነው። ስለዚህ አንቀጹን ካነበብን በኋላ ሁልጊዜ የማስከትለው ጥያቄ አለ፤ «ዱላው ከተነሳ ክፍሉ በምን ይተዳደር?» እላቸዋለሁ። አንድ ቡድን ሽማግሌ ይኑረን አለ። ሌላው አጥፊው በክፍሉ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ፣ ያበላሸውን ያስተካክል አለ። ካነሷቸው ሐሳቦች አብዛኞቹ ከቤታቸው ያዩት የእርቅ ወግ ነው። እናንተን ወላጆችን መጥራት ያሉትን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ አቀርባለሁ።

አባት ለጠየቁት የፈተና ጉዳይ፦ ፈተናውን አልንቅም፤ ልጆቹ ማለፍ አለባቸው። ክፍሌ ከ60 ተማሪ በላይ ነው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ወረቀት የሚያባዛልኝ የለም። ስለዚህ በሳምንት አንድ አንቀጽ ብቻ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ በየዴስካቸው ያነቡታል፤ ከዚያ የመጽሐፉን ማስታወሻ እንቀጥላለን። የአንቀጹን ክርክር ያስታወሰ ልጅ ምርጫ ጥያቄውንም አይስተውም፤ ይህን በየፈተናው እያየሁ ነው።

በ2012 መጀመሪያ ድምፄን የሰጠሁ (ሐዋሳ)

እንደ ሐዋሳ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ክፍላችሁ ውስጥ ያሉት ልጆች ትንንሽ ሳሉ ሕገ መንግሥት ሲሠራ በዓይናቸው አይተዋል። አንቀጽ 47 ማንኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብ ወይም ሕዝብ የራሱን ክልል የመመሥረት መብት አለው ይላል። ሂደቱንም ይነግራል፦ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፣ ያ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ጠዋት ከአያቶቻችን ጋር ተሰልፈን ቆምን። ሁለት ምልክት ነበር፤ ክልል እንሁን የሚለው ሻፌታ፣ ባለንበት እንቆይ የሚለው ጎጆ። ድምፅ ከሰጡት ከ98 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሻፌታን መረጡ፤ ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነች።

ይህን ስታስተምሩ ሌላውንም አትዝለሉ። አንዱ ዓመት ያለ ሕዝበ ውሳኔ አለፈ፤ በሐምሌ 2011 በዚህችው ከተማና በአካባቢዋ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከየብሔሩ ነው የጠፋው። ሕግ የሰጠው ቀነ ገደብ ሲታለፍ የሚከተለውን የዚህ ከተማ ልጅ ከመጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም። ጎጆን የመረጡትም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ድምፃቸው ተቆጥሯል፣ እዚሁ ይኖራሉ። ብዙኃኑ ሲያሸንፍ የጥቂቱ መብት ምን ይሆናል የሚለውን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማስተማር ይቻላል ብዬ አላስብም።

ሕገ መንግሥቱ እስከ ዛሬ በአንቀጽ 47 የሚዘረዝረው ዘጠኝ ክልሎችን ነው። ካርታው ላይ አሥራ ሁለት አሉ። ልጆቹ ቆጥረው «የትኛው ነው ልክ?» ይላሉ። በሉ ያኔ አንቀጽ 104 እና 105ን አውጡላቸው፤ ሕገ መንግሥት እንዴት እንደሚሻሻል የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

የሁለት ልጆች አባት (ሐዋሳ)

ሁሉንም አነበብሁ። አሁንም ልጅ የሚወደው ነገር መቅደም አለበት እላለሁ፤ ከዚህ አልነቃነቅም። ነገር ግን የመጨረሻው ወንድማችን የጻፈው ልቤን ነካው። ያን ቀን እኔ የመረጥሁት ጎጆን ነበር። ልጄ ይህን አታውቅም፤ ነግሬያት አላውቅም። በዚህ ክር ላይ እንደ ተጻፈው ዓይነት ንግግር ክፍል ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ፣ የእኔም ምክንያት በአክብሮት የሚነገርበት ከሆነ፣ ትሂድና ትስማ። መምህርት፣ ወላጅ የሚጠራበት ቀን ሲቆረጥ እዚህ ጻፊልን፤ እመጣለሁ።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር (ሐዋሳ)

አባት፣ እርስዎ ክፍሉ ውስጥ ቆመው ይህን ቢናገሩ ከአራቱ ሕገ መንግሥቶች የበለጠ ያስተምራሉ። ሻፌታን የመረጠው ወጣትም አብሮዎት ይቁም። ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው ሁለት ጎረቤት ተለያይቶ መርጦ አብሮ ሲቆም ማየት ነው፤ ዴሞክራሲን በቃል ማስረዳት የሚከብደው ለዚህ ነው።

ልጄ መምህርት፣ አንድ ምክር ብቻ። በዚያ ቀን የአገርን አመሠራረት ሁሉ ለመጨረስ አትሞክሪ። የዒዛናን አንድ ቀን፣ የ1887ን እና የ1888ን ሌላ ቀን፣ ሰነዶቹን ደግሞ ለየብቻ። ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ሺህ ዓመት ሲወርድበት የሚይዘው ቁጣውን ብቻ ነው።

የታቦሯ መምህርት (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ እንዳሉት አደርጋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የጠየቀችውን ልጅ ጥያቄ ለሦስት ከፍለን እንጀምራለን፤ ሦስቱ መልስ የሰጡ ልጆች እያንዳንዳቸው ከቤታቸው አንድ ታላቅ ሰው ጠይቀው ይመጣሉ። በሁለተኛው ሁለቱ ዓመቶች ናቸው። ከዚያ የ1923ቱ፣ የ1948ቱ፣ የ1980ው እና የ1987ቱ በየተራ ይሄዳሉ፤ በየመካከላቸው ሚያዝያ 12 ቀንና ኅዳር 10 ቀን ይገባሉ። አንቀጽ 36ን መጀመሪያ አስቀምጬዋለሁ፤ እሱን ሳንፈጽም ስለ ሌላው መናገር አልችልም።

የጎደለኝ የ1923ቱ ጽሑፍና የሕገ መንግሥት ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ነው። ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሉም። ሐዋሳ ውስጥ የሚያውቅ ካለ?

የሕግ ምሩቅ (ሐዋሳ)

ቃለ ጉባኤው የተወሰነ ጥራዝ አለኝ፤ ስለ አንቀጽ 39 እና መሬትን ስለሚመለከተው አንቀጽ 40 የተደረገው ክርክር ያለበትን ገጽ ኮፒ አድርጌ እሰጥዎታለሁ። ለ60 ልጅ የሚበቃ ማባዛት ለእኔ ይከብደኛል፤ ለዴስክ አንድ አንድ ግን እችላለሁ። በየትኛው ፈረቃ ነው የሚያስተምሩት? ጠዋት ከሆነ ከሥራ በፊት አደርሰዋለሁ።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር (ሐዋሳ)

የ1923ቱ እኔ ዘንድ አለ። ወረቀቱ አርጅቷልና ከቤት አላወጣውም፤ መጥተሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የምርጫውን አንቀጽ ምልክት አድርጌበት እጠብቅሻለሁ።